እንገሩን አትድፉት
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከየቤታችን የራቀ አይደለም። ይኸውም አራስ በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡቷ የሚወጣው ቢጫና ወፈር ያለ ወተት፣ እንገር ነው። በብዙ ቤት «ቆሻሻ ነው፣ የሕፃኑን ሆድ ያመዋል» እየተባለ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ይሰጠዋል። ይህን የሚያደርጉት እናቶቻችን በፍቅር እንጂ በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን የሚደፋው ምን እንደሆነ እስቲ እንየው።

ቢጫነቱ የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ ካሮት ውስጥ ያለው ዓይነት ቀለም ነው፣ ከዚያም ሰውነት ቫይታሚን ኤ ይሠራበታል። ከሁሉ በላይ እንገር ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ በተባለ ፕሮቲን የበለጸገ ነው። ይህ ፕሮቲን የሕፃኑን አንጀት ሸፍኖ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች እንዳይጣበቁበት ይከላከላል። እናቲቱ የምትኖረው እዚሁ ስለሆነ ሰውነቷ የሰፈሩን ጀርም ያውቀዋል፤ መከላከያውንም የምታዘጋጀው ለዚሁ ሰፈር ነው። ይህን የሚሰጥ የቆርቆሮ ወተት የለም። ቅቤውና የስኳር ውሃው ግን ገና ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ ጀርም ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

«ጠብ ጠብ ብቻ የሚል ወተት ምን ያጠግባል?» ትሉ ይሆናል። የአራስ ሕፃን ሆድም እኮ ትንሽ ናት! በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ጊዜ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ደጋግሞ በጠባ ቁጥር ወተቱም ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነጭ ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ እስከ 6 ወር ድረስ፣ በበጋም ቢሆን፣ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ያህል ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የሚገርመው ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ሌላ ዓይነት ስኳርም አለበት። ለማን ነው ታዲያ? በአንጀቱ ለሚኖሩት ቢፊዶባክቴሪያ ለተባሉ ደግ ተሕዋስያን ቀለብ ነው፤ እነሱ ሲበዙ ክፉዎቹ ቦታ ያጣሉ። የላም ወተት ደግሞ ፕሮቲኑ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ለጥጃ ነዋ! የሕፃን ኩላሊት አይችለውም።

በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የምትጠራጠር እናት ጡት ከማስጣሏ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

ሥራ የምትውሉ እናቶች፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በንጹሕ ዕቃ አልባችሁ መተው ትችላላችሁ። የታለበው ወተት ብዙም በማይሞቅ ክፍል እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሲሰጠውም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ይሁን፤ ጡጦ ጥጉ ለማጠብ ያስቸግራል።