የእንስሳት ተረትና የጎረቤት ሃይማኖት

(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ እንስሳት ተረት እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይህስ የማታ የእሳት ዳር ጨዋታ ነው፤ ከጉባኤ ምን አገናኘው?» ሳትሉ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። ነገር ግን ተረት ልጅን አስቆ ሲያስተምርም፣ ሰውን ሲያዋርድም አይቻለሁና ነገሩን ቀላል አድርጌ ልተወው አልቻልሁም።

በ2015 ዓ. ም. የሱዳን ጦርነት ሳይነሣ፣ በካርቱም ዐማራት በተባለው ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። እኔም በዚያ የወገኖቻችንን ልጆች ሰብስቤ ፊደል አስቈጥር ነበር። አንድ ቀን የቤተ እስራኤልን ታሪክ ሳወሳ፣ አንድ ብላቴና ብድግ ብሎ «የኔታ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚባሉት እነርሱ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

በጎንደርና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከርስት የተገፉ ስለ ነበሩ፣ ወንዶቹ ብረት በመቀጥቀጥና በሽመና፣ ሴቶቹም ሸክላ በመሥራት ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ቀን ማረሻውን ከአንጥረኛው እጅ ይቀበልና፣ ማታ ግን «ቡዳ ነው፤ ጅብ ይሆናል» እያለ ለልጆቹ ይተርት ነበር።

ብላቴናውን ከመቈጣት ይልቅ ተረትን በተረት ልመልስ ብዬ፣ ከአይሁድ ሊቃውንት የተላለፈውን ይህን ነገርኋቸው። አንድ አይሁዳዊ ቢቸግረው የእርሻ ላሙን የእርሱ ሃይማኖት ላልሆነ ጎረቤቱ ሸጠ፤ በዚያ አገር ላምም ትጠመድ ነበርና። ላሚቱ ስድስት ቀን በደኅና አርሳ በሰባተኛው ቀን ከቀንበሩ ሥር ተኛች። ቢመታት፣ ቢጎትታት አልነሣም አለች። ገዢውም «ላምህን ውሰድ፤ ገንዘቤን መልስ!» ብሎ ጮኸ። ሻጩ ምክንያቱ ገባውና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ላሜ ሆይ፤ በእኔ ቤት ሳለሽ ሰንበት ታከብሪ ነበር፤ አሁን ግን ጌታሽ ሌላ ነውና ተነሺ» ቢላት ተነሥታ አረሰች። ገዢው አስማት መስሎት ደነገጠ። እውነቱን በሰማ ጊዜ ግን «ላም ፈጣሪዋን ስታውቅ እኔ ልነስ?» ብሎ ሃይማኖቱን ተቀበለ። ተምሮም ታላቅ መምህር ሆነና ዮሐናን ቤን ቶርታ፣ ማለት የላም ልጅ፣ ተባለ።

ልጆቹ እንደ ገና ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ «የእኔም አያት ቅዳሜ በሬ አይጠምዱም» አለች። እውነቷን ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሁለቱን ሰንበታት ታከብራለች። ከዚህ በኋላ ማስረዳት ቀላል ሆነልኝ። ኦሪት ስለ ሰንበት ስታዝዝ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ ብላ፣ በሬህና አህያህም ይረፉ ትላለች። ስለዚህ በቤተ እስራኤል ቤት እናት ምግቡን ዓርብ ታሰናዳለች፤ በሰንበት እሳት አይነድም፤ ከብቱም ከቤተ ሰቡ ጋር ያርፋል።

ቀጥዬም ከዐማራት በስተ ምሥራቅ ያለውን የአይሮፕላን ጣቢያ አሳየኋቸው። በረኀቡ ዘመን ቤተ እስራኤል ልጆቻቸውን አዝለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ገቡ፤ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት መጠለያዎችም ሃይማኖታቸውን ሰውረው ሲኖሩ በሺሕ የሚቈጠሩት አለቁ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ. ም. ከ6,000 የሚበልጡት ከዚህ ጣቢያ በሌሊት ተነሥተው በቤልጅግ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያን ጊዜ አንድም ልጅ አልሳቀም።

ክቡራን መምህራን፤ እንስሳ እንደ ሰው ሲናገር ልጅ በራሱ ስንፍና ይስቃል፤ ይታረማልም። ሰው እንስሳ ነው ሲባል ግን በጎረቤቱ ይስቃል፤ ቀጥሎ ይፈራዋል፤ በመጨረሻም ይጠላዋል። ሁለቱም ተረት ይባላሉ፤ ለይቶ መንገር ግን የእኛ የመምህራን ፋንታ ነው። ስለዚህ ተረት ከመጀመራችን በፊት፣ በተረቱ የሚሳቅበት ሰው ልጅ ከፊታችን ተቀምጦ ቢሆን ይህንኑ እንነግር እንደ ሆነ ራሳችንን እንድንጠይቅ በትሕትና አሳስባለሁ።