የማሽኑ ባለቤትና የቁልፉ ባለቤት



እዚህ እንጅባራ ተቀምጠን ስለ ሜይንፍሬም ኮምፒዩተር መነጋገር ለምን እንዳስፈለገ ሳትጠይቁ አትቀሩም። ምክንያቴ፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን የሚገጥመን የሶፍትዌር ፈቃድ ጉዳይ ሥሩ ከእነዚያ ግዙፍ ማሽኖች ዘንድ መሆኑ ነው።

አይ.ቢ.ኤም. ሶፍትዌርን በአብዛኛው ከማሽኑ ጋር አጠቃልሎ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1969 ግን ዋጋቸውን እንደሚለያይ አስታወቀ። ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሲሆን ጠባቂ አስፈለገው። ከጊዜ በኋላ ብዙ አቅራቢዎች የመረጡት ጠባቂ የፈቃድ ቁልፍ ነው፤ ይኸውም ምርቱን፣ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የማብቂያ ቀኑን በምስጢር አጣምሮ የያዘ የፊደላትና የቁጥሮች ድርድር ነው። ቁልፉና ማሽኑ ካልተስማሙ ፕሮግራሙ ሥራ አይጀምርም፤ ወይም እያስጠነቀቀ ለጥቂት ቀናት ይታገሣል። በአንድ ሜይንፍሬም ላይ የብዙ አቅራቢዎች ምርቶች ስለሚሠሩ ማሽን በተቀየረ ቁጥር ብዙ ቁልፎች አብረው ይቀየራሉ።

እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ተቃጠለና ተጠራሁ። መጠባበቂያ ቅጂው ሙሉ ነበር። በአዲስ ማሽን ላይ ስንጭነው ግን ፕሮግራሙ አልከፈት አለ፤ ቁልፉ የተሰጠው ለሞተው ማሽን ነበርና። ሌላ እንዳንጠይቅ፣ ምርቱ የተመዘገበው ሥራ ለቅቀው በሄዱ ባለሙያ የግል ኢሜይል ነው። መረጃው በእጃችን እያለ ልናነበው አልቻልንም። ቅጂ በየሳምንቱ እንዲወስዱ የመከርኋቸው እኔ ነበርሁ፤ ስለ ቁልፉ ግን አንድም ቃል አልተናገርሁም።

በአገራችን የዘመን አቆጣጠርም ይጨመርበታል። ጁን 30 የሚያበቃ ፈቃድ በእኛ ሰኔ 23 ላይ ይውላል፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ሂሳብ ክፍሉ መዝገብ ይዘጋል እንጂ አዲስ ግዥ አይጀምርም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ይብሳል። ስለዚህ የእድሳቱ ደብዳቤ ከወራት በፊት መጻፍ አለበት።

የተሰበረ ቁልፍ መጠቀም መፍትሔ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል። ከሕጉም ባሻገር፣ በተሰበረ ቁልፍ የሚሠራ ፕሮግራም በችግር ቀን የሚደወልለት አቅራቢ የለውም። እንደ ኮሃና ዲስፔስ ያሉ ክፍት ሶፍትዌሮች የማብቂያ ቀን ያለው ቁልፍ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ምክሬ አጭር ነው። ቁልፉ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የማብቂያ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ዝርዝሩ ከሰርቨሩ ውጭ በወረቀትም ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሌላ ማሽን ላይ ማስነሣት ይሞከር።

እናንተ ተማሪዎች ነገ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ በአንድ ቢሮ ስትቀጠሩ፣ በመጀመሪያው ቀን «ቁልፉ በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት።