ከዝናብ መጠለልና ከመብረቅ መጠለል



ዛሬ ላስረዳ የተነሣሁበት ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ከዝናብ መጠለልና ከመብረቅ መጠለል አንድ አይደሉም። ሰማዩ ሲያጉረመርም የሁላችንም ዓይን ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ዛፍ ሥር፣ የሱቅ በረንዳ፣ ሸራ የተወጠረለት የጀበና ቡና ቦታ ወይም ግድግዳ ያልቆመለት ጅምር ሕንፃ ውስጥ እንገባለን። ልብሳችን አይበሰብስም፤ ከመብረቅ ግን አልተጠለልንም።

በቅድሚያ ስለ አካባቢያችን ልናገር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በበልግም ሆነ በክረምት እርጥብ አየር ወደ ደጋው ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ የእንጦጦና የየካ ተራሮችም ይህንኑ ያግዛሉ። ስለዚህ ነጎድጓዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ያ ሰዓት ተማሪ ሜዳ ላይ የሚገኝበት፣ የቀን ሠራተኛ ፎቅ ላይ ያለበት፣ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ መርዘም የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

መብረቅ ሰውን የሚጎዳው በቀጥታ ሲመታው ብቻ ይመስለናል። በሙያው ጽሑፎች በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ግን ቀጥተኛው ምት ከጉዳቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ መሆኑን ያመለክታል። ግማሽ የሚጠጋው ጉዳት የሚደርሰው በመሬት በኩል ነው። መብረቁ ያረፈበት ቦታ ላይ ቮልቴጁ እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በራቅን ቁጥር ይቀንሳል። ሁለት እግሮቻችን ተራርቀው ከቆሙ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ኤሌክትሪኩ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከብቶች በአንድ ምት በብዛት የሚያልቁትም የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ ነው። ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለበት፤ ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደ ሰውነቱ ሊዘልበት ይችላል።

እንግዲህ የሚያድነው መጠለያ የትኛው ነው? መልሱን ከጎረቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ልናገኘው እንችላለን። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ በመብረቅ ይመታል፤ ሆኖም ኤሌክትሪኩ በውጭው አካል ላይ አልፎ ስለሚወጣ ተሳፋሪው አይጎዳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ውህድ የተሠራ ነው። ይህ ውህድ ኤሌክትሪክን እንደ አሉሚኒየም በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ መሐንዲሶቹ በገጹ ላይ ስስ የብረት መረብ አስገብተውበታል። ዋናው ቁም ነገር ኤሌክትሪኩ ሰዎቹን ዙሪያቸውን አልፎ የሚሄድበት ያልተቋረጠ መንገድ ማግኘቱ ነው።

በዚሁ መለኪያ አካባቢያችንን እንይ። ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ጥሩ መጠለያ ነው፤ የሚያድነንም የብረቱ አካል እንጂ ብዙዎች እንደሚሉት የጎማው ላስቲክ አይደለም። ከመገናኛ እስከ አያት ያሉት ክፍት የባቡር መጠበቂያዎች ግን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥሉም። የሰሚት ወይም የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ፌሮ፣ የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ስላለው የተሻለ ነው፤ ነዋሪው ከበረንዳ፣ ከቧንቧና ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕቃ መራቅ አለበት። በኪስ ያለ ሞባይል መብረቅ አይስብም፤ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ማውራት ግን አደገኛ ነው። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ደግሞ ጣሪያው የተቀበለውን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር የለውም። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ኪርያንዶንጎ በሚገኘው የሩንያንያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መብረቅ 18 ተማሪዎችን ገድሏል። ጣሪያ ሥር መሆን ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

መቼ እንጠለል? ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ፣ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መጠለያ ውስጥ መሆን ይገባናል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። በቦሌ ፎቆች መካከል ብልጭታው ሊሰወር፣ በመኪና ጩኸት ነጎድጓዱ ሊዋጥ ስለሚችል፣ ድምፁን በሰማንበት ቅጽበት መግባት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከፊዚክስ ወጥቼ ስለ ኃላፊነት ልናገር። በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን አሠራር መብረቅ ሲቃረብ አውሮፕላን ነዳጅ መሙላት ይቆማል፤ ሠራተኛውም ከሜዳው ይነሣል፤ የሚወስነውም አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ነው። በአጣና መወጣጫ ላይ ፌሮ ተሸክሞ የቆመው የቀን ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለው የሚወርደው ፎርማኑ ሲፈቅድለት ነው። ያለ ፈቃድ ከወረደ የዕለት እንጀራው ሊቀርበት ይችላል። ሜዳ ላይ ያለ ተማሪም መምህሩን ይጠብቃል፤ ተጫዋችም የዳኛውን ፊሽካ። ስለዚህ እውቀቱን ለግለሰቡ ማስተማር ብቻ አይበቃም። ነገ መሐንዲስና መምህር የምትሆኑ ተማሪዎቼ፣ ማን ሥራ እንደሚያስቆም፣ ሰዎቹ ወዴት እንደሚገቡ፣ ሰዓቱም እንደማይቆረጥባቸው ክረምት ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ።

በመጨረሻም አደጋው ከደረሰ። በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ሳትፈሩ ንኩት። ከሚመቱት 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ በሕይወት ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በአብዛኛው ልባቸው በመቆሙ ነው። ብዙ ሰዎች ከተጎዱ፣ ከሚጮኸው ይልቅ ጸጥ ብሎ ትንፋሽ ያጣውን አስቀድሙ። የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ ተጫኑ፤ ሌላ ሰው ደግሞ በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል።