የዋልካው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የመተማንና የቋራን ቆላ የረገጣችሁ ሁሉ ዋልካን ታውቁታላችሁ። በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር፣ ሐምሌ ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ያስወልቃል፣ አህያ ያሰምጣል።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት አባቴ ቁርኣን ቤት ሊያስገቡኝ ከሽንፋ ወገን ወደ መተማ ዮሐንስ ሲነሱ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ወጣ። እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላለች፤ አያቴ በትር ይዘዋል፤ ጓዛችን በአንዲት አህያ ላይ ነው። ሦስተኛው ቀን ጁምዓ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ረግረግ ሆነ። አባቴም «ጁምዓ ሊያመልጠን ነው» ብለው ሴቶቹን ከነአህያዋ ወደ ኋላ ትተው፣ እኔን በትከሻቸው ተሸክመው ገሰገሱ።

ስንደርስ ሶላቱ አልቆ ሰው ተበትኗል። በመስጊዱ የቀሩ አንድ ሽማግሌ ሸኽ ጭቃችንን አይተው «ሌሎቹስ የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ሲነግሯቸው ሸኹ «አንተ መንገደኛ ነህ፤ ጁምዓ ግዴታ አልሆነብህም። እናትህና ልጅህ ግን አደራህ ናቸው» አሉና ወጣቶችን ገመድ አስይዘው ከአባቴ ጋር መለሷቸው። ሲያገኟቸው ዐስር አልፏል። አያቴ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውጧቸዋል፤ እህቴም በትኩሳት ትቃጠላለች። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። አባቴ ግን ያች ጁምዓ በተነሳች ቁጥር አንገታቸውን እንደደፉ ሞቱ።

ውድ አንባቢ ሆይ! አባቴ ዲን ወዳድ ነበሩ፤ የጎደላቸው የዲኑን ገርነት ማወቅ ነበር። ኢብኑ ዐባስ በዝናብና በጭቃ ቀን፣ ያውም በጁምዓ፣ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ሙአዚናቸውን ማዘዛቸውንና ይህንንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳደረጉት መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነቢያችን ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስን የሕዝቡ ኢማም ባደረጉት ጊዜም ሶላቱን በደካማው ሰው ልክ እንዲመጥን አዘውታል። በሶላት እንዲህ ከሆነ በመንገድማ እንዴት አይሆን!

አገራችን የእግረኛ አገር ናት። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡ ተክሩሮች በዚሁ በመተማና በገላባት ሰፍረው ኖረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳም ስንት ቤተሰብ ሕፃንና አዛውንት ይዞ በገላባት በኩል ወደ እኛ ተሻገረ።

እንግዲህ ጭቃ የለበሰ መንገደኛ ከመስጊዳችን ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ «ከኋላህ ማን ቀረ?» ብለን እንጠይቀው። በየቤታችንም የሚቀድመው የሚዘገየውን ይጠብቅ። አላህ (ሱ.ወ) ለደካሞቻችን የምናዝን ያድርገን። አሚን።