አሲዱ አንጀታችንን ለምን አያቃጥለውም?

 

በአንድ ረመዷን እዚህ ቦኬ ከተራዊሕ በኋላ አንድ ገበሬ ወንድማችን ጠጋ ብሎ «ሼኽ፣ ፆሙ አድክሞኛል መሰለኝ፤ ሰገራዬም እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አለኝ። ወገቡን ስለሚያመው በየሱሑሩ ከሱቅ የገዛውን ዲክሎፌናክ በውኃ ብቻ ይውጥ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ካዘዘህም አፍጥር ስለው «ፆሜን ከማፍርስ ብሞት ይሻለኛል» አለ። ሌሊቱን ራሱን ስቶ ቤተሰቦቹ ሐኪም ቤት አደረሱት። የአንጀቱ መጀመሪያ ቆስሎ ይደማ ኖሯል። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል።

የጨጓራችን አሲድ ከሎሚ ጭማቂ የሚበረታበት ጊዜ አለ። ጨጓራ ራሱን በወፍራም ንፍጥ ሸፍኖ ይጠብቃል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። በዐረብኛ «አሥራ ሁለት» በሚለው ቁጥር ይጠራል፤ የጥንት ሐኪሞች ርዝመቱን በአሥራ ሁለት ጣቶች ጎን ለክተውት ነው። ሽፋኑ ከጨጓራው የሳሳ ነው፤ አሲዱ ግን በቀጥታ የሚወርደው እርሱ ላይ ነው። ታዲያ እንዴት ይተርፋል?

በመጀመሪያ፣ በጨጓራ መውጫ ያለው በር የሚያሳልፈው ጥቂት በጥቂት ነው። ከዚያ የአንጀቱ ግድግዳ አሲድ መምጣቱን ሲያውቅ ሴክሪቲን የተባለ መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃል። መልእክቱ ቆሽት ሲደርስ፣ ቆሽት ባይካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ ያፈስሳል፤ ለዳቦ ከምንጨምረው ሶዳ ጋር አንድ ዘር ነው። አሲዱ እዚያው ይበርዳል። ይህን በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሊቃውንት ደረሱበት። የውሻ አንጀት ነርቮችን ቆርጠው አሲድ ቢያፈስሱበት፣ ቆሽቱ ነርቭ ሳይነግረው መልስ ሰጠ። ሆርሞን የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚህ ግኝት በኋላ ነው። ከግድግዳው ሥር ያሉ ትንንሽ ዕጢዎችም ንፍጥና ባይካርቦኔት ያመነጫሉ፤ የሽፋኑ ሕዋሳት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን በሱረቱ አር-ረሕማን ከተወሱት ሁለት ባሕሮች ጋር ያያይዙታል። እኔ አንቀጹን ወደዚህ አልጎትትም፤ ተፍሲር ባለቤቶች አሉት። ወደ ራሳችን እንድናስተውል መታዘዛችን ይበቃኛል።

ይህን ጥበቃ የሚያፈርሱት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው። ይህን ያረጋገጡት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ማርሻልና ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ እስከ መታመም ደርሷል። በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይድናል። ግማሹን ውጦ መተው ግን ባክቴሪያውን ያለማምደዋል። ሁለተኛው እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ንፍጡና ባይካርቦኔቱ እንዲመነጩ የሚያዘውን ንጥረ ነገር ያስቀራል። ሲጋራም ያግዛቸዋል። በርበሬ ግን ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ ሕመሙን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ቁስሉን አይፈጥረውም። የጫትን ነገር እኛ ሐረርጌዎች እናውቀዋለን፤ ረሃብን ያጠፋና ሰው ምሳውንም እራቱንም ሳይበላ ክኒን ይውጣል።

እናቶቻችን፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲበሉ የሚታገስ የእምብርት በላይ ሕመም ካለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ግን ሌሊትም ቢሆን ለነገ አይባልም። ጥቁር አዝሙድና ማር በሱና የታወቁ ናቸው፤ የሚደማን ሰው ቤት አስቀምጦ እነርሱን ብቻ መስጠት ግን ሱና አይደለም። መታከምንም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘውበታል።

በሽተኛ እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን እንዲከፍል የፈቀደው አላህ ራሱ ነው፤ ሱረቱ አል-በቀራ ውስጥ ከፆም ትእዛዙ ጋር አብሮ ተቀምጧል። ያ ወንድማችን አሥራ አንድ ቀን አፍጥሮ ነበር። ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ሰኞና ሐሙስ እያደረገ ቀዷውን አውጥቷል። ወገቡ አሁንም ያመዋል፤ ክኒን ከሱቅ መግዛቱን ግን ትቷል።