«አዎ» እና «የስ»

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆናችሁ የምታዳምጡን ብዙዎቻችሁ ኑሮው ፈር ሲይዝላችሁ «ለወገኔ በምን ልድረስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የዛሬው ዝግጅቴ እንግሊዝኛ ላልለመዱ አዋቂዎች በበጎ ፈቃድ ስለማስተማር ነው። እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ከእናቶችና ከአባቶች ጋር እቀመጣለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ልጃቸው ያመጣቻቸው እናት፣ ክሊኒክ ሄደው ነርሷ «ዩ ዶንት ቴክ ኤኒ ሜዲስን?» አለቻቸው። ምንም መድኃኒት አይወስዱም፤ ስለዚህ «የስ» ብለው መለሱ። ነርሷም የምትጽፍበትን አዘጋጅታ የመድኃኒቶቹን ስም ጠየቀች። እናታችን ግራ ገባቸው፤ ነርሷም እንደዚያው። እስቲ በአማርኛ እንጠይቃቸው፦ «መድኃኒት አይወስዱም?» «አዎ፣ አልወስድም።» የእኛ «አዎ» የጠያቂውን አነጋገር «ልክ ነህ» ብሎ ይቀበላል። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን ጥያቄው በአዎንታም ይቅረብ በአሉታ፣ «እወስዳለሁ» ማለት ነው። እናታችን የነርሷን ጥያቄ በሚገባ ተረድተዋል፤ መልሳቸውም በአማርኛ ሕግ ትክክል ነበር።

አማርኛ የማያውቅ መምህር ይህን ቢሰማ «ጥያቄው አልገባቸውም» ብሎ ጥያቄውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምላቸዋል። እሳቸውም አሁንም «የስ» ይላሉ። አማርኛ የሚያውቅ መምህር ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ መድኃኒቱም በእጁ ነው። በአገራችን «በላህ?» ሲባል «በላሁ»፣ «አልበላሁም» ብለን በግሡ መመለስ የቆየ ልማዳችን ነው። ስለዚህ «የስ» እና «ኖ»ን ለጊዜው ትተው በግሥ እንዲመልሱ አስተምሯቸው፦ «አይ ዱ»፣ «አይ ዶንት»። ከዚያ በኋላ የሚያሳስት ነገር አይኖርም። ለበጎ ፈቃድ መምህርነት የሚያበቃችሁ የእንግሊዝኛችሁ ጥራት ብቻ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን አማርኛችሁን እኩል እፈልገዋለሁ የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። የእንግሊዝኛው ፈተና ሦስት መልክ አለው። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ መናገር ነው። የመናገሩ ፈተና ለብቻው አይሰጥም። መኮንኑ ኤን 400 በተባለው ማመልከቻ ላይ የተሞላውን እየጠየቀ በዚያው ይመዝናል። ብዙዎቹ ጥያቄዎች «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው ይጀምራሉ፤ ታስረው ያውቃሉ? «ኤቨር» እና «ኔቨር» ለአዲስ ጆሮ ተቀራራቢ ናቸው። ሰውየው ያላደረገውን ነገር አደረግሁ ብሎ እንዳይመልስ ይህን ደጋግማችሁ አለማምዱ። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖሩ አመልካቾች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ እንደሆኑና የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በቋንቋቸው መፈተን እንደሚችሉም እወቁ። ግን እባካችሁ፣ ማመልከቻ አትሙሉላቸው፤ «ይሄን አትጻፉ» ብላችሁም አትምከሩ። የኢሚግሬሽን ሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ጠበቆችና በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኙ ወኪሎች ናቸው። እኛ ቋንቋውን እናስተምር።

አንዳንድ ተማሪዎች «በከተማችን አማርኛ አስተርጓሚ አለ፣ ለምን ልድከም?» ይላሉ። እውነት ነው፤ የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሕጉ የሚሠራው በከተማዋ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ በፓርኪንጉ፣ በሱቁ፣ በጎረቤት ደጃፍ አይደለም።

ፓርኪንግ ካነሳሁ አይቀር፣ በዚያ የሚሠሩ አንድ አባት የገጠማቸውን ልንገራችሁ። ደንበኛው የሚከፍለው 15 ዶላር ነበር። እሳቸው «ፊፍቲን» ለማለት ፈልገው ሰውየው «ፊፍቲ» ሰማና ተቆጣ። አማርኛችን አንዱን ክፍለ ቃል ከሌላው አጉልቶ የመጥራት ልማዱ ደካማ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ያለዚያ አይሰማም። ይህን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ገና» ላልቶ ሲነገር «እስካሁን» ነው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። እኛ በማጥበቅና በማላላት የምንለየውን እነሱ በማጉላት ይለዩታል በሏቸው። 15 ላይ መጨረሻው ይጎላል፣ 50 ላይ መጀመሪያው። 13 እና 30፣ 14 እና 40ም እንዲሁ። አባታችን በአንድ ቅዳሜ ያዙት። በምላስና በጥርስ መካከል የሚወጣውን «ቲ ኤች» ግን ለወራት አላስለፋቸውም፤ «ዚስ» ቢሉ ማንም ይረዳቸዋል።

ሰዓት ደግሞ አለላችሁ። ሐኪሙ «ቱ ኦክሎክ» ብሎ ሲቀጥር በልባችን «ሁለት ሰዓት» ብለን የተረጎምን ስንት ነን? ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው። የሐኪም ቀጠሮ ያመለጣቸው፣ ከሥራ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሰዓትን ፈጽሞ አትተርጉሙ። የግድግዳ ሰዓት አምጡና እጆቹን እያዞራችሁ በእንግሊዝኛው ብቻ አስተምሩ።

ስለ ፊደልም ጥቂት ልበል። ፊደላችን እያንዳንዱ ሰባት መልክ አለው፤ አናባቢው በውስጡ ነው። «ባ» ብለን ስንጽፍ ሌላ ነገር አያስፈልገንም። የላቲኑ ተነባቢ ግን እንደ ሳድሳችን ነው፤ «ብ» ብሎ ቆሞ አናባቢውን ከጎኑ ይጠብቃል። ፊደል ለሚያውቅ ሰው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትነግሩት ብዙ ሳምንት ይተርፍለታል። የአናባቢዎቹ ድምፅ በየቃሉ መለዋወጡ ግን በልምድ ብቻ የሚመጣ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም አሉ፤ እነሱን እርሳስ ከማስያዛችሁ በፊት በጆሯቸውና በአንደበታቸው ጀምሩ። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የገቡ፣ ከፊደልና ከመልእክተ ዮሐንስ አልፈው ዳዊት የደገሙ አባቶች ደግሞ ሌላ ሀብት ናቸው። መምህሩ ሲል ተቀብሎ በዜማ መመለስን ያውቁበታል። የስም፣ የአድራሻና የስልክ ቁጥር ዓረፍተ ነገሮችን በዚያ ዓይነት ቅብብል ስንለማመድ ከሁሉም ቀድመው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

አክብሮትን በተመለከተ በጣም ጥንቁቅ ሁኑ። እንግሊዝኛ «አንተ»ም «እርስዎ»ም የለውም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። እናንተ ግን ሃያ አምስት ዓመታችሁ ሆኖ የሰባ ዓመት ሰው በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጡ ይችላሉ። «አይ ጎ የስተርደይ» ካሉ፣ «ኦ፣ ዩ ዌንት የስተርደይ! ዌር?» ብላችሁ ትክክለኛውን በመልሳችሁ ውስጥ አሰሟቸው። «እማማ»፣ «ጋሼ» ማለትን እንግሊዝኛ እያስተማራችሁም አትተዉት። ከዚህ በቀር ግን በአማርኛ ብዙ አታውሩ። አማርኛው ለማስረዳት ለአምስት ደቂቃ ይጠቅማል፤ ከዚያ ካለፈ ሰዓቱ ጨዋታ ሆኖ ያልቃል። ክፍሉ ውስጥ የኤልሳልቫዶር እናቶች ካሉ ዕድለኞች ናችሁ። የእኛን እናት ከእነሱ ጋር አስቀምጧቸው፤ ስለ ልጅ ልጅና ስለ ምግብ ለማውራት ሲሉ ብቻ እንግሊዝኛ ይናገራሉ።

የቋንቋ ጥናት ምሁሩ ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1983 አርሊንግተን ውስጥ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል አዲስ መጤዎችን በማገዝ ብዙ ሥራ ሠርቷል። በአካባቢያችሁ ባሉ ላይብረሪዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማዕከላትም ብትጠይቁ ክፍል ታገኛላችሁ። ዲግሪ የማይጠይቁና አጭር ሥልጠና የሚሰጡ አሉ። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ፣ አንድ ሰዓት ብላችሁ ጀምሩ። ሦስት ሳምንት መጥቶ የሚጠፋ መምህር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ የልጅ ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው የመጡ እናት ባዶ ክፍል አግኝተው ይመለሳሉ፤ «የማልማር ሆኜ ነው» ብለውም በራሳቸው ይፈርዳሉ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ መጽሐፍ አትክፈቱ። ተቀመጡና «ምን ብዬ ልጥራዎት?» በሉ። ቀጥሎ «በዚህ ሳምንት የት ይሄዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋርማሲ ይሆናል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይሆናል። እዚያ ደርሰው የሚሏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ምረጡ፤ አብራችሁ ሃያ ጊዜ በሏት፤ እሳቸው በሚያነቡት ፊደል በትንሽ ወረቀት ጻፉላቸውና ቦርሳቸው ውስጥ ይክተቷት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትገናኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለዚያች ወረቀት ይሁን።