የአነስተኛ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ወለል አመራረጥ



በድርቅ የተጎዳን ቤተሰብ በዓሣ ማስገር መልሶ ለማቋቋም ጀልባ ሲታደል ስለ መረቡ እንጂ ስለ ወለሉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሆኖም ወለሉ በከበደ መጠን የሚጫነው ዓሣ ይቀንሳል፤ የጀልባውም ጠርዝ ወደ ሞገዱ ይቀርባል።

ለዚህ የጣና ታንኳ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲደርቅ እጅግ ቀላል ነው፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር ግን ስለሚከብድ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 ባለሞተር ጀልባዎች ወደ ጣና ከገቡ በኋላም ይህ ትምህርት አልተሻረም፤ የወለል ዕቃ መመዘን ያለበት ደርቆ ብቻ ሳይሆን ርሶም ነው።

2 ካሬ ሜትር ወለል 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ቢሠራ 32 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሠራ ግን ከ10 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ኮምፔንሳቶው ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ፣ ጠርዙ በቀለም የተደፈነ፣ ከሥሩም በተቀራረቡ አግዳሚዎች የተደገፈ መሆን ይኖርበታል። ቺፕውድ በርካሽ ቢገኝም ውሃ ሲነካው አብጦ ስለሚፈርስ አይመረጥም።

ቀርከሃ በሚበቅልበት አካባቢ የቀርከሃ ርብራብ ሌላው አማራጭ ነው። ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ተነሥቶ ይደርቃል፤ ሲሰበርም ዓሣ አስጋሪው ራሱ ይጠግነዋል። ማንኛውም ወለል በምስማር ባይመታ ይመረጣል፤ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ለመቅዳት መነሣት አለበትና።

ስለዚህ ዕርዳታ ሰጪዎች በብዛት ከመግዛታቸው በፊት ቁራሽ ናሙና መዝነው፣ አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እንደገና ይመዝኑ። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ የተቋቋመው ቤተሰብ ዳግመኛ ተረጂ እንዳይሆን ያግዛል።